ውሃው የመጣ ጠዋት

ኢንስፔክተር ዙሀራ ከአቶ አለምነው ግቢ ስትገባ የይታይሽ ሬሳ ገና አልተነሣም ነበር። ልጅቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ በጎኗ ወድቃለች። ባዶ እግሯን ናት፤ የቀኝ መዳፏ እንደተለበለበ ጠቁሯል። ከራስጌዋ ያለው ቧንቧ እንደተከፈተ ቀርቶ ዝገት ያቀላው ውሃ ይንዠቀዠቃል። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ዋይታው ለጉድ ነው፤ ያን ውሃ ልዝጋው ያለ ግን የለም።

ዙሀራ ቆጣሪው ጋ ሄዳ ብሬከሩ መውረዱን በዓይኗ አረጋገጠች፤ ከዚያ ቧንቧውን ራሷ ዘጋችው።

መካነ ሰላም ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። የአለምነው ቤት ግን ፈረቃው ቢደርስም ጠብ አይልለትም ነበር። ድሮ የተቀበረው የብረት ቱቦ ውስጡ በዝገት ስለተደፈነ፣ ዓመታት ሙሉ ውሃ ወደዚያ ቤት የገባው በሚስቱ በወይዘሮ ንግሥቴ ጀርባ ነው። ሴት ልጃቸው ይታይሽ ከጅዳ ስትመለስ እንደ እኩዮቿ ሱቅ ልክፈት፣ ሚኒባስ ልግዛ አላለችም። «መጀመሪያ ቧንቧው» አለች። ግቢው ተቆፈረ፤ ብረቱ እየተቆረጠ ወጣ፤ በምትኩ ፕላስቲክ ተዘረጋ። ከአሮጌው የቀረው ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ወጥቶ ቧንቧውን የተሸከመው ቁራጭ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ውሃው መጣ። ልጅቱ ድምፁን ሰምታ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ሮጠች።

የሰፈሩ ጎረምሶች ጥፋተኛውን ቀድመው አግኝተው ነበር፤ ቱቦውን የዘረጋውን ታደለን ከቤቱ ጎትተው አምጥተው ፊቱን አድምተውታል። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ ሁለተኛ ሬሳ ይሆን ነበር።

ዙሀራ ወደ ላይ አንጋጠጠች። የአምፖሉ ሽቦ ከጣሪያው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ተልጦ መዳቡ ይታያል፤ መዳቡም ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ነው። ጎንበስ ብላ ቁራጩን ብረት አየች። በዝገቱ ዙሪያ አንድ ቀጭን መስመር አዲስ ተፍቆ ያብረቀርቃል።

ሽቦው በራሱ ወድቆ አልነካውም። ታስሮ ነበር፤ ታስሮም ተፈትቷል።

ታደለን በፖሊስ መኪናው ውስጥ አነጋገረችው።

«ሽቦውን አይተኸው ነበር?»

«እንዴት አላየውም! ድሮም ቱቦውን በነካ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድባቸው ነበር። ያኔ ብረቱ መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይሄዳል። አሁን ግን ፕላስቲክ ገባ። ያች ቁራጭ ብረት ከመሬት ተቆረጠች። ሽቦው ቢነካት ብሬከሩ አይወርድም፤ ሰው እስኪነካት ትጠብቃለች። ስለዚህ ሽቦውን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩና መብራት ሠራተኛ ይጠራ አልኩ።»

«ለማን?»

ታደለ የደማ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ። «ለቤቱ ሰው ነግሬያለሁ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አቶ አለምነው ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጧል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ መታዘዝ የለመደ ሰው ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ?» አለችው።

«ሳይነጋ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። መቃብር የምንቆፍረው እኛ ነን፤ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ ከውስጥ ተቀርቅሮ ያደረውን የግቢ በር ከፍቼ ወጣሁ።»

«ሌላ ቀን ይታጠባሉ?»

«ዕድሜ ልኬን! ውርጭ ቢሆን በረዶ ቢሆን፣ ከመኝታዬ ስነሣ እዚያው መታጠቢያ ቤት ነው የምታጠብ። እስከ ዛሬ በጀሪካን ይቀርብልኝ ነበር። ነገ ከአዲሱ ቧንቧ ታጥቤ እመርቀዋለሁ ብዬ ማታ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

«ሌላው የቤት ሰውስ?»

«ፀሐይ ሳይሞቅ ውሃ የሚነካ የለም።»

«ከልጅዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣላን! በገዛ ቤቴ አዛዥ ሆነችብኝ። ቢሆንም ልጄ ናት።» ድምፁ ሰለለ። ወዲያው ግን ወደ ጓዳው ዞረ። «አንቺ ሴትዮ! ውሃ አምጭ!»

ንግሥቴ ከለቀስተኞቹ መካከል ብድግ አሉ። ጣሳውን ሲሰጡት ዙሀራ የግራ እጃቸውን አንጓ አየችው፤ ተሰብሮ ወደ ጎን እንደተጣመመ ጠግኗል። ንግሥቴ የመርማሪዋን ዓይን ተከትለው፣ ሳይጠየቁ፣ «ጀሪካን ይዤ ወድቄ ነው» አሉ።

ዙሀራ በአቀስታም በደጎሎም ሠርታለች። ጀሪካን ይዘው የሚወድቁ ሴቶች በየወረዳው ሞልተዋል።

የይታይሽን ታናሽ ወንድም ደሳለውን ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

«ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር» አላት። «ድርግም አለ። መብራት ሄደ ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ እማዬ ጮኸች።»

«ቴሌቪዥኑ የጠፋው ከጩኸቱ በፊት ነው? እርግጠኛ ነህ?»

«በፊት ነው። ቆይታ ነው የጮኸችው።»

«ስትደርስ እህትህ ምን የሆነች መሰለህ?»

«ያንሸራተታት። ጎረቤቱም ሁሉ እንዲያ ነው ያለው። መዳፏን እስክናይ ድረስ ማን ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ጠረጠረ?»

«ታደለ ስለ ሽቦው ሲናገር ሰምተህ ነበር?»

«እኔ አቀስታ ነበርሁ። የገባሁት ትናንት ማታ ነው።»

ከግቢው ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቷ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ዱቄት እንደለበሱ ወጡ።

«እናቴ፣ ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር?»

«ኧረ ወላሂ አልጠፋም! ወፍጮው አንዴም አልቆመም። እንዲያውም በሱ ድምፅ ነው ጩኸቱን ዘግይተን የሰማን።»

ከሁሉ በኋላ ወደ ንግሥቴ ሄደች። ሴትዮዋ በኩርሲ ላይ ኩርምት ብለዋል፤ ዕንባቸው ደርቋል።

«አብሽሩ፣ እማማ ንግሥቴ። አላህ ያጥናዎት።»

«አሜን።» ቀና ሳይሉ፣ «ያ ልጅ ይፈታል?» አሉ።

«ታደለ? እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ንግሥቴ የተጣመመ አንጓቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት። «ሣልስቷ ይለፍ፣ ልጄ» አሉ።

ዙሀራ ሌላ ጥያቄ ነበራት። አልጠየቀችም። ወደ ጣቢያ ተመለሰች።

በሣልስቱ ቀን ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት አድርሰው ከሄዱ በኋላ፣ በድንኳኑ ውስጥ የቀሩት አለምነው፣ ንግሥቴና ደሳለው ነበሩ። የወፍጮ ቤቷ ወይዘሮ ኡምኩልሱምም ሳህን ሊሰበስቡ መጥተው ቁጭ ብለዋል። ዙሀራ ታደለን በአንድ ኮንስታብል አስይዛ ገባች። አለምነው ሲያየው ተነሣ።

«ይህን ነፍሰ ገዳይ ከቤቴ ታስገቢያለሽ?»

«ይቀመጡ፣ አቶ አለምነው። ልጅዎን የገደለው እሱ አይደለም። እንዲያውም ሞቱ የታሰበው ለልጅዎ አልነበረም።»

አለምነው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሽቦው ወድቆ አልነካትም» አለች ዙሀራ። «ጫፉ እንደ ቀለበት ተጠምጥሟል፤ ብረቱም ዙሪያውን ተፍቋል። ሰው አስሮታል ማለት ነው። ማን ይነካዋል ብሎ ነው ያሰረው? በዚያ ሰዓት ከዚያ ቧንቧ የሚታጠብ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማታም ለሁሉም ተናግሯል። ጥሩምባው ባይነፋ ኖሮ የዛሬው ሣልስት የእርስዎ ነበር።»

አለምነው መዳፉን ገልጦ አየ።

«ታደለ ሊሆን አይችልም። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነው ያደረው፤ ሽቦውንም ከፍ አድርጎ የሰቀለው እሱ ነው። ያሰረው ሰው ከውስጥ ነው። ያ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ነበረበት። ድሮ ሽቦው ቱቦውን ሲነካ መብራት ከመጥፋት በቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። ከፕላስቲኩ በኋላ ግን እንደሚገድል የሚያውቀው ታደለ የነገረው ሰው ብቻ ነው። ታደለ፣ ለማን ነገርክ?»

ታደለ ወደ ንግሥቴ አየና አንገቱን ደፋ።

«ንገራት» አሉት ንግሥቴ። «ስለ እኔ አትመታ።»

«ለእማማ... ሌላ ሰው አልነበረም። ይታይሽ መጋጠሚያ ልትገዛ ደሴ ሄዳ ነበር። ጋሸ አለምነው እርሻ ነበሩ።»

«መስማት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም» አለች ዙሀራ፤ ድምፁ ከሷ የወጣ አይመስልም። «የደሳለው ቴሌቪዥን ከጩኸቱ በፊት ጠፍቷል። የሰፈሩ መብራት እንዳልጠፋ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ምስክር ናቸው። ብሬከሩም በራሱ አይወርድም፤ በራሱ ቢወርድማ ልጅቱ ባልሞተች። እጅ ነው ያወረደው። ሰው ልጁ ወድቃ ቢያይ ወዴት ይሮጣል? ወደ ልጁ። ደሳለው እህቱን ያንሸራተታት ነው የመሰለው፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። ያቺ እናት ግን መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ቆጣሪው ነው። ምን እንደያዛት ታውቅ ነበርና። አጠፋች፤ ሽቦውን ፈታች፤ ከዚያ ጮኸች።»

«ላድናት ነው» አሉ ንግሥቴ በቀስታ። «ፀሐይ ሳይሞቅ ማንም አይነካውም ብዬ ሳልፈታው ቀረሁ። ቆጣሪው ራቀብኝ።»

አለምነው ሚስቱን እንደማያውቃት ሰው አያት። «እኔን? ምን በድያት?»

ኡምኩልሱም ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች ዙሀራ ወደ ደሳለው ዞራ። «እህትህ ከሁሉ አስቀድማ ለምን ቧንቧውን?»

ደሳለው እናቱን ላለማየት ወደ ድንኳኑ ሸራ ዞረ።

«እማዬን ልትወስዳት ነበር» አለ። «ኩታበር ቤት ተከራይታለች። አባዬን ልቀቃት ብላ ስትለምነው፣ ‹ውሃ ማን ይቀዳልኛል?› አላት። ‹እንግዲያው ውሃው ይግባለት፣ ከዚያ ምክንያት ያጣል› አለችኝ። ሥራው ሳያልቅ አትንገራት አለችኝ፤ ሳይሆን ቢቀር ተስፋዋ እንዳይሰበር።»

ንግሥቴ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «እንዲያ አለች?»

«አዎ።»

«እንዲያ አለች... ይታይሽ...» ጮኸው የሚያለቅሱ መስሏት ዙሀራ እጇን ዘረጋች። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ ታደለ ፊት ቆመው፣ «ይቅር በለኝ» አሉት። እሱም፣ «እግዜር ይፍታዎት» አለ። ከመውጣታቸው በፊት ደሳለውን ግንባሩን ሳሙት። ባላቸውን አልፈውት ሄዱ።

አለምነው እስከ መኪናው ተከትሏቸው መጣ። «ትሰቀላለች?» ብሎ ጠየቀ። ዙሀራ ያን የተጣመመ አንጓ ቆጥራ የምትከሰው ክስ ብታገኝ አለምነውን ዕለቱኑ ባሰረችው ነበር። ቃሉን የሚሰጥ ሰው ግን በሕግ ፊት የለም፤ ያለችው ምስክር አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ከእንግዲህ ነፍሰ ገዳይ ናት። «ቤትዎ ይግቡ» ብላው በሩን ዘጋች።

መኪናው በኮረብታው ጥግ ሲዞር ንግሥቴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ጠሯት።

«ልጄ።»

«አቤት፣ እማማ።»

«ሐኪሙ ምን አለሽ? ስትሞት አሟት ነበር?»

ሐኪሙ ለዙሀራ የነገራት ደኅና አልነበረም። ይታይሽ ወዲያው አልሞተችም፤ እጇ ከብረቱ አልላቀቅ ብሏት ቆይታለች፤ ጩኸቷን የዋጠው የወፍጮው ድምፅ ነው። ዙሀራ በሥራዋ ላይ ዋሽታ አታውቅም።

«አላመማትም» አለች። «ምንም ሳታውቅ ነው።»

ንግሥቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እኔ ደጃፉ ላይ ስደርስ፣ ዓይኗ እያየኝ ነበር እኮ» አሉ።