ገጽ የሚገልጠው ልጅ

ጥፋቱን ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ቅጣቱ ቀላል ነው። የሚወደው ሰው በእርሱ ፈንታ ሲቀጣ እያየ ዝም የሚል ግን፣ ፍቅሩ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ የወደደውን ለማግኘት የተገባ አይሆንም። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። መጨረሻው መራራ ቢሆንም መጀመሪያው ያማረ ነበርና፣ ከመጀመሪያው እንነሣ።

በ2012 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ በጅግጅጋ ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ኦርኬስትራ ተቋቋመ። መምህሩ አቶ ወልደሥላሴ ይባሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ቫዮሊን ተጫውተው ከወጡ በኋላ በመምህርነት ወደ ከተማይቱ የመጡ፣ በጋ ከክረምት አንድ ግራጫ ኮት የሚለብሱ፣ ሻያቸውን ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው ነበሩ። ስምንት ቫዮሊን፣ ሁለት ቼሎ፣ ሦስት ኡድና አንድ ከበሮ ነበራቸው፤ ለመግባት የተመዘገቡት ተማሪዎች ግን ስልሳ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን መሣሪያ አላሳዩአቸውም። ፊቱም ጀርባውም የተጻፈበት አንድ አንድ ወረቀት አደሏቸው። ርእሱ «ወደ ኦርኬስትራው ከሚገቡ ተማሪዎች የሚጠበቅ» ይላል።

«ወላጅ አስፈርማችሁ ትመጣላችሁ» አሉ። «ያላስፈረመ ከደጅ ይመለሳል።»

«ቲቸር፣ ይሄ ኦርኬስትራ ነው ወይስ ካምፕ?» አለች ከኋላ የተቀመጠችው ካፊያ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«ካምፕ ከዚህ ይቀላል» አሉ አቶ ወልደሥላሴ፣ ሳይስቁ። «እዚያ ያጠፋ ይሮጣል፤ እዚህ ያጠፋ ይናገራል።»

የካፊያ ጓደኛ ነስራ ወረቀቱን አጥፋ በደብተሯ መካከል አስገባች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሐጂ ዐብዲናስር በገበያው መካከል ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሙዚቃ ሲባል ፊታቸው እንደሚጠቁር ታውቃለች። በማግስቱ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አባቷ በሱቁ ደጃፍ ቆመው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ፣ ቀስ ብለው አነበቡ።

«"ከሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ ቀድሞ መገኘት።" ደግ ነው። "የሌላ ሰው መሣሪያ አለመንካት።" ይሄም ደግ ነው። "ያጠፋ ሳይጠየቅ ይናገራል። ሳይጠየቅ የተናገረ አንድ ሳምንት ወንበር ይደረድራል፤ ተጠይቆ የደበቀ ይሰናበታል።"» ቀና አሉ። «ይህን የጻፈው ማነው?»

«ቲቸር ወልደሥላሴ ነው፣ አቦ።»

«ወላሂ፣ ይህን ገበያ እሱ ቢያስተዳድርልን ጥሩ ነበር» አሉና እስክሪብቶ ጠየቁ። ከፈረሙ በኋላ ግን ወረቀቱን ወዲያው አልለቀቁላትም። «ስምሽ በክፉ የተነሣ ቀን ትወጫለሽ። የፈቀድኩት ለቫዮሊኑ ብዬ አይደለም፤ ለዚህ ወረቀት ብዬ ነው።»

ከስልሳው አስፈርመው የተመለሱት ሃያ ሁለት ነበሩ።

በኦርኬስትራ ሕግ ሁለት ቫዮሊን ተጫዋቾች አንድ የኖታ ማስቀመጫ ይጋራሉ። ገጹ ሲያልቅ በስተውስጥ የተቀመጠው መጫወቱን አቁሞ ገጹን ይገልጣል፤ በስተውጭ የተቀመጠው ያለማቋረጥ ይጫወታል። ነስራ በስተውጭ ተቀመጠች። በስተውስጥ የተቀመጠው ባሺር ነበር፤ ወላጆቹ በቀብሪበያ ከተማ የሚኖሩ፣ ለትምህርት አጎቱ ዘንድ ያረፈ፣ ቀጭንና ፈገግታ የማይለየው ልጅ።

በመጀመሪያው ልምምድ ገጹን ቸኩሎ ገለጠ።

«ገና አንድ መስመር ይቀረኝ ነበር!» አለችው። «እንደ ቀብሪበያ ሚኒባስ ነው እንዴ የምትጣደፈው?»

«የቀብሪበያ ሚኒባስማ ሳይሞላ ተነሥቶ አያውቅም። ተሳፍረሽበት አታውቂም ማለት ነው።»

ሳቀች። እርሱ ግን ነገሩን አልተወውም። «መቼ እንደምገልጥ ምልክት ስጪኝ።»

«እጄ ተይዟል፤ በምን ልስጥህ?»

«ትንፋሽ ሳቢ። እሰማሻለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነስራ በገጹ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ትስባለች፤ ባሺር የቫዮሊኑን ደጋን አውርዶ እጁን ይዘረጋል፤ ገጹ እስኪገለጥ ድረስ የእርሷ ድምፅ ብቻውን ይሄዳል። ከዚያ የእርሱ ድምፅ ተመልሶ ከጎኗ ይገባል። ያ አፍታ ከሦስት ሰከንድ አይበልጥም፤ እርሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው እርሱን ነበር። አንድ ቀን ባሺር በማስቀመጫው ላይ ባለው እርሳስ በገጹ ግርጌ «ትንፋሽ» ብሎ ጻፈ። አቶ ወልደሥላሴ ሲያልፉ አዩት።

«ይህ የሙዚቃ ምልክት ነው?»

«የእኛ ምልክት ነው፣ ቲቸር።»

መምህሩ ሁለቱንም ተመለከቷቸው። «እንግዲያው አይጥፋ» ብለው አለፉ።

የኅዳርና የታኅሣሥ ነፋስ በመስኮቱ እየገባ ኖታውን ሲበትን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ቫዮሊኑ በትከሻ ላይ እንዲደላደል ከሥሩ ስፖንጅ በላስቲክ ይታሰር ነበር፤ ነስራ በአንድ ዙር ታስራለች፣ ባሺር በሁለት።

«ቫዮሊን ነው ወይስ ግመል የምታስረው?» ትለዋለች።

«የምወደው ነገር እንዲያመልጠኝ አልፈልግም» ይላታል፤ ከዚያ ሁለቱም ኖታውን ያያሉ።

በጥር አንድ ቀን፣ ፀሐይ ወደ ካራማራ ተራራ ስታዘቀዝቅ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። «ትምህርት ስንጨርስ ወደ አባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት።

«አባቴ ወረቀት ሳያስፈርማቸው አያስገባቸውም» አለችው፤ ልቧ ግን ከአፏ ቀድሞ እሺ ብሎ ነበር።

የወላጆች ዝግጅት ለየካቲት 28 ተቀጠረ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነስራ የቫዮሊኗን ሣጥን ከፈተች። የመሣሪያው ፊት ከጎኑ ተላቆ ጣት ያስገባል። ከአባቷ ሱቅ ያመጣችው፣ መሣሪያውን የምትጠቀልልበት፣ በጥግ ስሟን የጠለፈችበት ቢጫ ጨርቅ የለም። ስፖንጁ በሁለት ዙር ታስሯል።

አቶ ወልደሥላሴ መሣሪያውን አገላብጠው አዩት። «ሙጫው በሙቀት ለቅቋል። ይህ ፀሐይ ላይ ውሏል። ማነው?»

መሣሪያዎቹ ወደሚቀመጡበት ቁም ሣጥን ዞረው አዩ።

«ባሺር፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በዚህ ሳምንት ያንተ ተራ ነው።»

«ነስራ ሐሙስ ቤቷ ወስዳው ነበር» አለ ባሺር፣ ወለሉን እያየ። «ዓርብ ጠዋት መለሰችልኝ። ስትመልስ ከፍቼ አላየሁትም።»

ከቃሉ አንዲቱ እንኳ ሐሰት አልነበረችም፤ ሲደመር ግን ሁሉም ሐሰት ነበረ። ነስራ ፊቷን ወደ እርሱ አላዞረችም።

«አንቺስ?» አሉ መምህሩ።

«ደኅና አድርጌ ነው የመለስኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረገው ሰው ይናገር።»

«እስከ ማክሰኞ እጠብቃለሁ» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። «የተናገረ ወንበር ይደረድራል። የሚናገር ከጠፋ መሣሪያው የተሰጠው ሰው ይጠየቅበታል።»

ከልምምዱ በኋላ በበሩ ላይ ጠበቀችው። «የምትነግረኝ ነገር አለ?»

ባሺር ጫማውን አየ። «መሣሪያው ያሳዝናል።»

«መሣሪያው ብቻ?»

ወደ መንገዱ ዞረ። ከዚያ፣ «ባጃጅ ልጥራልሽ?» አላት።

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

ካፊያ የስፖንጁን ነገር ስትሰማ ጮኸች። «አንቺ፣ ሞኝ ነሽ? ለምን አትናገሪበትም?»

«እኔ ቀድሜ ከተናገርኩ እሱ መናገር አይችልም። ሳይጠየቅ ነው የሚለው ወረቀቱ። እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለው።»

«አንቺስ?»

«እኔም እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለኝ።»

ማክሰኞ መጣ። አቶ ወልደሥላሴ በክፍሉ ፊት ቆመው፣ ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ጠበቁ። ነስራ በእነዚያ ዐሥር ደቂቃዎች የባሺርን ትንፋሽ ስታዳምጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ሲስብ ሰማችው፤ ሁለት ጊዜም ያለ ቃል አወጣው። መምህሩ ሰዓቱን ወደ ኪሳቸው መለሱና ስሟን ጠርተው ከኦርኬስትራው አሰናበቷት። ተነሥታ ወጣች።

ሐጂ ዐብዲናስር ነገሩን ሁሉ ከእርሷ ሰሙ። «ያደረገውን ካወቅሽው ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዲናገር ፈልጌ ነው፣ አቦ።»

አባቷ ጨርቁን አጥፈው በመደርደሪያው ላይ አኖሩ፤ እንደገና አወረዱት፤ እንደገና አጠፉት። «ስምሽ በክፉ ተነሥቷል። ቃሌ ቃል ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም። በዝግጅቱ ቀን ራሳቸው አስነሥተው ይዘዋት ሄዱ። «የፈረምኩበት ነገር ነው፤ መጨረሻውን ልየው» አሉ።

በአዳራሹ በስተኋላ ተቀመጡ። ከባሺር ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ አቶ ወልደሥላሴ ማንንም አላስቀመጡበትም። ዜማው የእርሱና የእርሷ ብቻ ወደ ነበረው ክፍል ደረሰ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ባሺር ብቻውን ቀጠለ። የገጹ መጨረሻ ሲደርስ ነስራ ሳታስበው ትንፋሽ ሳበች። ባሺር ደጋኑን አወረደ፣ እጁን ዘረጋ፤ የሚጫወትለት ሰው ግን አልነበረም። አዳራሹ ሙሉ ለሙሉ ጸጥ አለ። ሦስት ሰከንድ ነበረች፤ ለነስራ ግን ከወራቱ ሁሉ ረዘመች። አባቷ ስለ ሙዚቃ አንድም ነገር የማያውቁ ሰው ሲሆኑ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብለው፣ «እዚያ ጋ አንቺ ነበርሽ?» አሏት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሕዝቡ ሲወጣ አንድ ጎልማሳ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ቢጫ ጨርቅ ያውለበልባል። የቀብሪበያ ሚኒባስ ሾፌር ዋርሳሜ ነበር።

«ነስራ የምትባል ማናት? ስሟ እዚህ ላይ አለ። ያ ልጅ በሰርጉ ዕለት መኪናዬ ውስጥ ጥሎት ሄዶ ነው።»

«የትኛው ልጅ?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

ሾፌሩ በደስታ በጣቱ ወደ ባሺር አመለከተ። «እሱ ነዋ! የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ የራሴ ቫዮሊን ክር ተበጥሷል ብሎ በሰው ቫዮሊን አስጨፈረን። ከዚያ ሣጥኑን መኪናው ውስጥ ትቶ ምሳ ገባ። በዚያ ፀሐይ! እኔ እንኳን መቀመጫው ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።»

ባሺር አልካደም። ማንም ሳይናገረው መሣሪያውን በጠረጴዛው ላይ አኖረ። በነስራ አጠገብ ሲያልፍ ቆመ።

«ልነግርሽ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ትንፋሽህን ስትስብ ሰምቼሃለሁ።»

በማግስቱ አቶ ወልደሥላሴ ግራጫ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ጨርቅ ሱቁ መጡ። «ሐጂ፣ ልጅዎን ያለ ጥፋቷ ቀጥቻለሁ። ያጠፋ ሳይጠየቅ ይናገራል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መጣሁ።»

ሐጂ ዐብዲናስር ወንበር አቀረቡላቸውና መምህሩን በሶማሊኛ ጠሩ። «መዓሊን፣ ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት አሉ» አሉ፤ ስለ ቅጣቱ ዳግመኛ አላነሡም።

ነስራ ወደ ልምምዱ ስትመለስ መምህሯን ብቻቸውን ወንበር ሲደረድሩ አገኘቻቸው። ልታግዛቸው ስትጠጋ በእጃቸው ከለከሏት። ሳምንቱን ሙሉ እርሳቸው ደረደሩ። ዝግጅቱ በሆነ በዘጠነኛው ቀን በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወንበሮቹም እንደ ተደረደሩ ለወራት ቆዩ።

ዓመታት አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ባሺር ቃሉን ጠብቆ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ሐጂ ዐብዲናስር ቤት ላከ። ሐጂ ወረቀት አላስፈረሟቸውም፤ ልጃቸውን ጠርተው መልሱን ለእርሷ ተዉላት። ነስራ ገና ትወደው ነበር፤ ይህን ለሽማግሌዎቹም አልሸሸገችም። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ቃል ብቻ ጨመረች።

«እስከ ማክሰኞ ጠብቄህ ነበር በሉት።»

ዛሬ ነስራ በዚያው ትምህርት ቤት የአቶ ወልደሥላሴ ረዳት ናት። በየጥቅምቱ ያንኑ ወረቀት ለአዲስ ገቢዎች ታድላለች፤ በየጥቅምቱም ካምፕ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ባለፈው ዓመት አሮጌ ኖታዎችን ስትለይ በአንዱ ግርጌ «ትንፋሽ» የሚል የደበዘዘ የእርሳስ ጽሑፍ አገኘች። ላጲስ በእጇ ነበረ። ሳታጠፋው ለሁለት አዲስ ልጆች ማስቀመጫ ላይ አኖረችው።

ባሺር ጥፋቱን በጊዜው ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ አንድ ሳምንት ወንበር መደርደር ነበር። ተጠይቆ ስለ ደበቀ ከኦርኬስትራው ተሰናበተ፤ ተመልሶም አልገባም። ነስራን አላገባትም። አጎቱ በቀብሪበያ ያለውን ሱቅ ይጠብቃል፤ ቫዮሊን የለውም።