ብሎኑ ላይ ያለው ነጭ መስመር

የምታውቀው መኪና ክላክስ ከጋራዡ በር ውጭ ሲሰማ መርማሪዋ ልቧ ድንግጥ አለ። ወዲያው ደግሞ በራሷ ተናደደች። ክላክስ ነው እንጂ፣ ምን ያስደነግጣል?

መርማሪዋ እያሉ የሚጠሯት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። ስራዋ የታመመ መሪ ነው። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ባዶውን የሚዞር መሪ ያለው ሁሉ ወደ እሷ ይላካል፤ እሷም እንደ ፖሊስ ታፋጥጠዋለች። የት ነበርክ? ድንጋዩን በየትኛው ጎማ መታኸው? ሰው ደግሞ ይዋሻል። ጎማው መሃል የወንዝ ጠጠር ተሰክቶ «ኧረ እኔ ከአስፋልት ወጥቼም አላውቅ» ይላታል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እሷ የሰው አፍ ማመን ከተወች ቆይታለች። ቀለበት ያሰረላት ሰው ሌላ ከተማ ሚስት እንዳለችው የሰማችው ሰርጉ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ «ብረት አይዋሽም» ማለት ልማዷ ሆነ። ለሰው የሚሆን እምነት ስታጣ ለብረት ሰጠችው እንበል።

አሁን በሩ ላይ የቆመውን ሰው ዳገቴ ይሉታል። መሬት የሚለኩ ባለሙያዎችን ጭኖ መንገድ በሌለበት ተራራ የሚወጣ ሾፌር ነው። ባለፈው ሊሄድ ሲል እዚሁ በር ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ እያዞረ፣ «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጠይቋታል። «ስትመለስ እነግርሃለሁ» ብላዋለች። ይኸው ተመለሰ።

«መጣሁ» አለ ዳገቴ፣ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ለብሶ ከመኪናው እየወረደ።

«መሪው እንዴት ነው?»

«እኔስ እንዴት ነኝ?»

«አንተ በእግርህ ቆመሃል። መሪው እንዴት ነው?»

ሳቅ አለ። «ወደ ግራ ይጎትታል። ሳዞረው ትንሽ ባዶውን ይሄድና ድንገት ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ከፊት ቋ፣ ቋ ይላል።»

«እንደ ባለፈው ማለት ነው።»

«እንደ ባለፈው» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ዓይኑን መጣሉን መዝግባ ያዘች።

እሷ መኪና ሳይታጠብ ነው የምትመረምረው። የደረቀ ጭቃ የተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፤ ያጠበ ሰው ምስክሩን አጠበ ማለት ነው። የጎማዎቹን አየር ለካች፤ እኩል ነው። የፊቱን በክሪክ አነሳችና ጎማዎቹን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀች፤ ደህና ናቸው። አወረደችና ዳገቴን መሪው ላይ አስቀምጣ ከስር ገባች።

«ወደ ግራ። አሁን ወደ ቀኝ። ቀስ በል እንጂ፣ ማን ያባርርሃል?»

መሪው በዞረ ቁጥር የመሪው ሳጥን፣ ያ ከመኪናው አጥንት ጋር በብሎኖች የሚታሰረው፣ አብሮ ንቅንቅ ይላል። ዙሪያው ያለው ጭቃም ተሰነጣጥቋል። በሽታው ተገኘ። እንደ ባለፈው፣ ከዚያም በፊት እንደነበረው። ድንጋይ ላይ የሚውል መኪና ብሎን ይላላበታል፤ ግን ሁልጊዜ ያው ብሎን?

አምፖሉን አስጠጋች። የብሎኖቹ ራስ ላይ ጭቃ የለም። ተፍቋል፣ ትኩስ የብሎን ቁልፍ ጭረትም አለበት። በእነሱ ጋራዥ መሪና ፍሬን ላይ ያለ ብሎን ከጠበቀ በኋላ ከራሱ እስከ ብረቱ ድረስ ነጭ የቀለም መስመር ይሰመርበታል። መስመሩ ቀጥ ካለ ብሎኑ አልተነካም፤ ከተሰበረ ዞሯል። ተሰብሯል፣ ሁሉም ላይ።

ሰው ነክቶታል።

እዚህ ላይ የጋራዡን ህግ መናገር ያስፈልጋል። ገጥማ የምትጨርሰው እሷ ናት፤ የመጨረሻው እጅ ግን የአባቷ ነው። መሪና ፍሬን ሲሆን አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ከስር ገብተው፣ ብሎኑን ራሳቸው አጥብቀው፣ ነጩን መስመር ራሳቸው ያሰምራሉ። ቁልፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ የሚያረዝም መካኒክ ካዩ «ጉልበቱን ሸጦ የበላ» ይሉታል። ቧንቧ በዚያ ጋራዥ ነውር ነው።

«አባዬ፣ የዳገቴ መኪና ባለፈው በደንብ ጠብቆ ነበር?»

«የኔ እጅ ያጠበቀው ብሎን በራሱ አይላላም» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ሰው ካላላላው።»

ማዶ በር የሚቀባው ቀለም ቀቢ ጆሮው ንቁ ነው። «አንቺ ደግሞ» አለ ብሩሹን ሳያቆም፣ «መኪናው ነው የታመመው ወይስ ሰውየው? እኔም ብሆን አንድ ሁለት ብሎን አላላ አድርጌ እመጣ ነበር።»

ሌላ ሴት ብትሆን ይሄ ደስ ይላት ይሆናል። ለእሷ ግን መርዝ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለች በሆዷ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ ዳገቴ ሄደች።

«ብሎኑን አልነካሁም በለኝ።»

ዳገቴ ወደ አባቷ ወንበር አየ። ከዚያ ወደ እሷ።

«ነክቼዋለሁ» አለ።

«ለምን?»

ዳገቴ ቆቡን አወለቀ።

«እዚህ ለመምጣት ብለህ ነው?»

«እዚህ ለመምጣት ምክንያት አያስፈልገኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አሁን ልነግርሽ አልችልም።»

ያ ቀለበት ያሰረላት ሰውም ዝም ሲል ያምርበት ነበር። ስንት ጊዜ ነው በዚያ ዝምታ ውስጥ ደግነት አለ ብላ ያደረችው። ድምጿ ከፍ አለ፤ ቀለም ቀቢው ብሩሹን አቆመ።

«የጠየቅከኝን ነገር እርሳው። የገዛ መሪውን ለሚያላላ ሰው ህይወቴን አልሰጥም።»

ዳገቴ ቆቡን አደረገ። የመኪናውን ቁልፍ መዳፏ ላይ ሲያስቀምጥ ጣቱ ጣቷን ነካው፤ ሁለቱም ቶሎ አልሳቡም። «የመጨረሻውን አንቺ ራስሽ አጥብቂው» አለ በቀስታ፣ በእግሩም ወጣ።

ጭራሽ አባቴንም ይንቃል? አለች። ተመልሳ ከስር ስትገባ ዓይኗ በእንባ ተጋርዶ ነበር። በእጇ ጀርባ ጠረገችና ጭቃውን ጨመረችበት። ከዚያ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አስገባችና፣ ልትፈታው ስትል፣ እጇ ቆመ።

መስመሩ ተሰብሯል። ግን በየት በኩል? የላላ ብሎን ላይ ያለ መስመር ወደ መፍቻው በኩል ይሄዳል። ይሄኛው የሄደው ወደ ማጥበቂያው ነው። ሁለተኛውን አየች። እሱም ወደ ማጥበቂያው። ሦስተኛውም።

ሰውየው አላላላውም። አጥብቆታል። ተራራ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ፣ በያዛት አጭር ቁልፍ የቻለውን ያህል አጥብቆ መጥቷል። ብረት አልዋሸም፤ አንባቢዋ ናት የተሳሳተችው።

ታዲያ ልል አድርጎ የለቀቀው ማነው?

መልሱን አወቀችው። ማወቅ አልፈለገችም። እንደ ወትሮዋ ብሎኖቹን በልኩ ገጠመችና «አባዬ፣ ጨርሻለሁ» ብላ ጠራች።

አባቷ መጡ። መሬት ላይ ለመውረድ አንድ እጃቸውን ጎማው ላይ አስደግፈው ቆዩ። ከስር ሆነው ሲስቡ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «በቃ» አሉ፤ ብሩሹን ተቀብለው ነጩን መስመር አሰመሩ። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር ነው። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ቁልፏን አስገብታ ሳብ አደረገች።

ዞረ። ሳትታገለው ዞረ።

ቀና ስትል አባቷ ሳሙናው ሳይለቃቸው ቆመው ያዩዋታል።

«ዞረ?» አሉ።

መዋሸት ትችል ነበር። «ዞረ» አለቻቸው።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። «ትከሻዬ ነው» አሉ። «ድሮ ሲጠብቅ የሚሰማኝ ነገር ነበር። አሁን የሚሰማኝ ህመሙ ብቻ ነው። ህመሙ ሲመጣ፣ ጠበቀ እላለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? የኖርኩበት እጅ ከዳኝ ብዬ?»

«ሰው ካላላላው ስትለኝ እኮ እሱን ነው የጠረጠርኩት።»

«እሱ ነው አላልኩም።»

«አላልክም፣ አባዬ። እንድል ተውከኝ።»

ሽማግሌው በጋራዡ በር ወደ መንገዱ አዩ። ከተማ ውስጥ የሚነዱ ደንበኞች አስፋልት ስለሚሄዱ እስካሁን አልታወቀም፤ ተራራው ግን አይምርም። ሁለቱም ይህን አሰቡ።

«ልጁ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። «ባለፈው ጠጋ ብሎ፣ ጋሼ፣ ትከሻዎን ሐኪም ይየው እንጂ አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። አፈርኩ። ሂጂ ጥሪው። ለሌሎቹ ደንበኞች እኔ ራሴ እደውላለሁ፤ በነጻ ይታይላችኋል እላቸዋለሁ። እስከዚያ መኪናቸውን አያንቀሳቅሱ።»

ዳገቴን ያገኘችው ማዕዘኑ ላይ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው። ጭቃው ፊቱ ላይ ደርቋል።

«አውቶቡስ አልመጣም?»

«ብዙ አለፈ።»

አጠገቡ ተቀመጠች።

«ወደ ማጥበቂያው ነው የዞረው» አለች።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቁልፉን ከእጃቸው የምትነጥቂው አንቺ እንድትሆኚ አልፈለግኩም። ራሳቸው ያስቀምጡታል ብዬ ጠበቅኩ።»

«ገደል ብትገባስ?»

«ዳገቱ ሳይጀምር ቆሜ አጠብቀው ነበር።»

«በዚያች አጭር ቁልፍህ።»

«በዚያች።»

«እሺ አንተስ ታውቃለህ። ፍሬኑን አባዬ ያጠበቀለት ሰውስ? እሱ ምን ያውቃል?»

ዳገቴ አንገቱን ደፋ። «እሱ ላይ ጥፋተኛ ነኝ» አለ።

ሰበብ አለመደርደሩን ወደደችው። ንዴቷ ግን አልበረደም።

«ስማኝ። ለኔ ብለህ እውነት አትደብቀኝ። ክፉ ሆነህ ብትነግረኝ ይሻለኛል። አንድ ጊዜ በዝምታ ተቃጥያለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም።»

«አይደገምም።»

«እኔም ሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ። ስትሄድ ልቤ አብሮህ ወጣ፣ እወቀው።»

ዳገቴ እጇን ያዘ። ጭቃውና ግራሶው ተቀላቀለ። አንድ አውቶቡስ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ የሚሳፈር ሲያጣ ሄደ።

ጋራዥ ሲደርሱ አዛውንቱ ከመኪናው ፊት ቆመዋል። በእጃቸው ረጅም ቧንቧ አለ። ቀለም ቀቢው አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«ረዘም ሲል ጉልበት አይፈጅም አሉ» አሉ አባቷ፣ ወሬ እንደሰማ ሰው። ከዚያ ወደ ዳገቴ ዞሩ። «ልጄ፣ በኔ ምክንያት ክፉ ቃል ሰምተሃል። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም አይደል።»

«ነው እንጂ። ና፣ አብረኸኝ ሳብ።»

ሁለቱ ወንዶች ከስር ገብተው ቧንቧውን ሰክተው ሳቡ። ከዚያ አባቷ ቁልፉን ዘርግተው ሰጧት። «ሞክሪው። ከዛሬ ጀምሮ የመጨረሻው እጅ ያንቺ ነው።»

ሳበችው። አልዞረም። የአባቷን ብሩሽ ተቀብላ ነጩን መስመር አሰመረች፤ የእሳቸውን ያህል ቀጥ አላለላትም።

ለመሞከር ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ወጡ። እሱ ይነዳል፣ እሷ ከጎኑ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። ያ ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ የለም።

«መሪውን ልቀቀው» አለች።

ለቀቀው። እጆቹ ከመሪው በላይ አየር ላይ ቀሩ። መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል ቀስ ብሎ ቀጥ ብሎ ሄደ። እሷ መንገዱን ትታ እጆቹን አየች።

«ጥያቄህን ድገመው።»

«እንዲህ እንደሆንኩ?»

«እንደዚሁ።»

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ» አለች። «አሁን መሪውን ያዝ።»

ሲመለሱ አባቷ በሩ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው፤ ደንበኞቹን መጥራት ጀምረዋል።

«አሁንም ይጎትታል?» አሉ።

«የትም አይጎትትም፣ አባዬ።»

ሽማግሌው የልጃቸውን ፊት አዩ፣ ከዚያ የሾፌሩን፣ ከዚያ እንደገና የልጃቸውን።

«ታዲያ ምን አስቸኩሏችሁ ነው ቶሎ የተመለሳችሁት?»