«ያው ነው» የተባለው ጠመንጃ

ወንዙን ሲሻገሩ ውሃው ደረታቸው ላይ ደረሰ። ታላቅየው ከፊት አዲሱን ጠመንጃ ከራሱ በላይ ይዞ፣ ታናሽየው ከኋላ አሮጌውን ይዞ። እግራቸው ሥር ድንጋይ ይንከባለላል። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም።

«ጋሼ፣ ቀስ በል።»

«ቀስ ስል ነው ያረጀሁት።»

ታላቅየው ሠላሳ ዓመት ጫካ የጠበቀ ሰው ነው። ታናሽየው የጫካ ጠባቂዎቹን ጠመንጃ ይጠግናል፤ ዕድሜውን ከመጠገኛ ጠረጴዛው ጋር ነው የጨረሰው። ከጫካው ማዶ አንድ የቆሰለ ጎሽ የወንዙን ውሃ የሚለካውን ሠራተኛ ጎጆው ውስጥ ከዘጋበት አራተኛ ቀኑ ነው። ሰውየውን ማስወጣት የታላቅየው ሥራ ነው። ለታናሽየው አለቃው የሰጠው ሥራ ግን ሌላ ነበር። «አዲሱ ጠመንጃ በወንድምህ እጅ ሦስቴ ተቀረቀረ። አብረኸው ሂድና ጽፈህ አምጣልኝ፤ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ወይስ የእጁ? የእጁ ከሆነ ያስረክብና ቤቱ ይረፍ።»

ታናሽየው ግራ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ጠመንጃዎች የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ በርሜላቸው ላይ የተቀረጸው ስም እንኳ አንድ ነው፤ በአርባ ዓመት ይበላለጣሉ እንጂ። አሮጌው ሰደፉ እንጨት ነው፣ ትከሻ ያጎብጣል። አዲሱ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ጥይት ወደ በርሜሉ የሚገፋው መቀርቀሪያው ቅቤ የተቀባ ይመስል ይንሸራተታል። ባለፈው ወር ለወንድሙ ያስረከበው እሱ ራሱ ነው፤ «ያው ነው ጋሼ፣ እንደ ድሮው ያዘው» ብሎ። ከዚያ ወዲህ አሥር ጊዜ ፈትቶ ገጠመው፣ መቶ ጊዜ አቀባበለው። ምንም የለውም። ታዲያ እጁ ነው? ይህ እጅ እኮ እሱን አዝሎ ያሳደገ እጅ ነው።

ማዶ ሲወጡ ጉም ወረደ። ታላቅየው ቀድሞ ከዓይን ተሰወረ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ተሰማ፣ ከዚያ የመቀርቀሪያ ድምፅ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና። ታናሽየው ሮጦ ሲደርስ ወንድሙ ከጠመንጃው ጋር ይታገላል። ቅርንጫፉን የሰበረችው ሚዳቋ ነበረች፤ እሷማ ሄዳለች።

«ደግሞ?»

«ደግሞ።»

«ምን አደረግከው?»

«ምን አደርገዋለሁ? እንደ ድሮው ነው የያዝኩት።»

ተንበርክኮ አየው። አንዲት ጥይት በርሜሉ ውስጥ ገብታለች፣ ሌላዋ ከኋላ ትገፋታለች። ካዝናው ሁለት ባንዴ ይለቅ እንደሆነ መረመረው፤ ደህና ነው። «አምላኬ፣ ዓይኑን ሰጥተኸኛል፤ ማስተዋሉንም ጨምርልኝ» አለ በሆዱ።

«እጄ ነው ልትል ነው» አለ ታላቅየው።

«አላልኩም።»

«ስትዋሽ ከልጅነትህ ጀምሮ ጆሮህ ይቀላል።»

«በል አሮጌውን ያዝ።»

«አልይዝም። በአዲሱ አቃተው ሊሉኝ?»

ጥይቶቹን አውጥተው፣ እንደገና ሞልተው፣ ዳገቱን በእጅ በእግራቸው ወጡ። ቀትር ላይ ጉሙ ተገፈፈና ጎጆዋ ታየች። ከነሱና ከጎጆዋ መሀል ሰው የሚውጥ ሸንበቆ አለ። ሸንበቆው ተነቃነቀ።

አሁን ታናሽየው የወንድሙን እጅ በሦስት እርምጃ ርቀት ያያል። እጁ መቀርቀሪያውን ገፋ፤ ግን ግማሽ ላይ ቆመ። ታላቅየው አዳመጠ። ሸንበቆው ጸጥ አለ። መቀርቀሪያውን መልሶ ሳበ፣ ሌላውን መዳፉን ከሥሩ ዘርግቶ። መዳፉ ላይ የወደቀ ነገር የለም።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሰው ቢሆንስ?» አለ ታላቅየው በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ እንጨት የምትለቅም ሴት ከጥሻ ወጥታብኛለች። ከዚያ ወዲህ ጥይቷን ግማሽ አድርሼ እጠብቃለሁ፤ ካላስፈለገች እመልሳታለሁ።»

«የታለች ታዲያ?»

«በአዲሱ ወደ ካዝናው የምትመለስ መሰለኝ።»

ታናሽየው አሁን ገባው። የአሮጌው መቀርቀሪያ ጫፉ ላይ ያለው ጥፍር ጥይቷን ከካዝናው ስትወጣ ጀምሮ ቂጧን ይይዛታል፤ መቀርቀሪያው ሲሳብ አብራ ትመጣለች። የአዲሱ ጥፍር ግን የሚይዛት መቀርቀሪያው ግጥም ብሎ ሲዘጋ ብቻ ነው። ግማሽ ላይ ከተሳበ በርሜሉ ውስጥ ትቷት ይመለሳል፤ ሲገፋ ሁለተኛዋን ከኋላዋ ይሰነቅራል። እሱ ጠረጴዛው ላይ መቶውንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ነበር የገፋው።

«ጋሼ፣ አትግፋ። ውስጥ አንድ አለች።»

ሸንበቆው ተሰነጠቀ። ጎሹ አንገቱን ደፍቶ ጭቃውን እየበተነ መጣ። በሕይወቱ አውሬ ላይ ተኩሶ የማያውቀው ጠጋኝ ወደ ኋላ መሮጥ ነበረበት፤ ወደ ፊት ሮጠ። አሮጌውን ወንድሙ እጅ ላይ አኖረና አጠገቡ ቆመ። መቀርቀሪያው ተገፋ፣ ተዘጋ። አንድ ተኩስ። ጎሹ በጉልበቱ ሄዶ ሄዶ፣ ጭቃው ፊታቸው ላይ እስኪረጭ ቀርቦ ወደቀ።

«ተመስገን» አለ ታላቅየው።

ውሃ ለኪው የጎጆውን በር ከፈተ። «አራት ቀን ምን ስትሠሩ ነበር? ወንዙን ስትለኩልኝ?»

ታናሽየው ቁጭ ብሎ አዲሱን ባዶ አደረገና ለወንድሙ ሰጠው። «እስቲ እንደ ልማድህ አሳየኝ።» ደጋግሞ አሳየው፤ እሱም አፉን ዘግቶ አየ፣ አዳመጠ። ከዚያ ከውሃ ለኪው ብዕር ተውሶ ጻፈ፦

«ጠመንጃው ጥፋት የለበትም። እጁም የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዴት እንደሚይዝ ሳልጠይቀው ‹ያው ነው› ብዬ አስረከብኩት።»

ታላቅየው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። ቀና ብሎ የወንድሙን ጆሮ አየ።

«አልቀላም» አለ።