ቀይ ኩባያ በሐይቁ ዳር

ማዳም ሰልዋ ሐይቁ ዳር፣ ጥዱ ጥላ ሥር፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። እግሯ ሥር ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ወድቋል፤ ውስጡ የሎሚ ጭማቂና በደንብ ያልሟሟ የልብ ኪኒኗ ዱቄት። ከቤይሩት ወጣ ብሎ፣ ከፋናር በላይ ያለው የመንግሥት መናፈሻ ወረርሽኙ ጋብ ብሎ ገና መከፈቱ ነበር። ሰው ቤት መዋል መሮት ሊተነፍስ ቢወጣ ሬሳ ጠበቀው።

ኩባያው የሠራተኛዋ የሪሀና ነው። ለፖሊሱ አለቃ ለናዲም ይኸው በቃው። «ኸላስ፣ ልጅቷን ይዘን እንሂድ» እያለ ይንቆራጠጣል። ለማስተርጎም ያስጠራት ግን ከሪማን ነው። እሷ ደግሞ ቤይሩት ከመምጣቷ በፊት ደሴ ላይ መርማሪ ፖሊስ ነበረች፤ ነገር ካልገባት ንቅንቅ አትልም።

«እትዬ ከሪማ፣ እኔ አልገደልኳትም» አለች ሪሀና። «ኮንትራቴ አልቆ ኮምቦልቻ ልጄ ጋ ልገባ ነበር። እዚህ እስር ቤት ከገባሁ ማን ያስታውሰኛል?»

«ተረጋጊ እህቴ። ጭማቂውን ማን ቀዳ?»

«እኔንጃ፤ ከመኪና ዕቃ እያወረድኩ ነበር። ኩባያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ቦርሳዬ ደግሞ ምንጣፉ ላይ።»

«የራስሽን ኩባያ ለምን ይዘሽ መጣሽ?»

ሪሀና አንገቷን ደፋች። «በነሱ ብርጭቆ አልጠጣማ። ማዳሜ ትጸየፋለች። ያኒ፣ ሳህኔም ማንኪያዬም ለብቻው ነው፤ ከነሱ ዕቃ ጋር አይታጠብም።»

የከሪማ ደም ፈላ፤ ግን ዋጥ አደረገችውና ወደ ፋዲ ሄደች። ፋዲ የሟች የወንድም ልጅ ነው፤ ከፓሪስ ከመጣ ገና ሳምንቱ፣ ያረፈውም ሆቴል። ሲጋራ ይለኩሳል፣ ሳያጨሰው ይጥላል፣ ሌላ ይለኩሳል።

«ፓርዶን፣ ስንቴ ልናገር? ሠራተኛዋ በዚያ ኩባያ ሰጠቻት፣ አክስቴም ተቀብላ ጠጣች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴታ!»

ከሪማ አመስግናው የምግብ ቅርጫቱን ከፈተች። የቤተሰቡ ብርጭቆዎች በየማስቀመጫቸው ተደርድረዋል፤ አንዱ ቦታ ግን ባዶ ነው። ናዲም እያጉረመረመ አንድ ፖሊስ ከወንበሩ ፊት ለፊት ሐይቁ ውስጥ አስገባ። ብዙም አልቆየ፣ ብርጭቆ ይዞ ወጣ። በብርጭቆው አፍ ላይ የሟች የከንፈር ቀለም አለ።

ከሪማ ሁሉንም ጥዱ ሥር ሰበሰበች፤ ጥያቄዋንም በታንኳ ስትዝናና ከነበረችው ከሟች ምራት ከሚሬይ ጀመረች።

«ማዳም ሚሬይ፣ አማትዎ በዚህ ቀይ ኩባያ ይጠጡ ነበር?»

ሚሬይ ፊቷ ቀላ። «በፍጹም። ውሃ ጥም ቢገድላት እንኳ አትነካውም። ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።»

«እንግዲያው ሚስተር ፋዲ በዓይኔ አየሁ ያሉት ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ሪሀና ልግደል ብትል በዚህ ኩባያ አትሰጥም፤ ማን ይቀበላታል? ማዳም ሚሬይ፣ እርስዎም ይህን ያውቃሉ። የቤቱን ሕግ የማያውቀው ሆቴል ያረፈው እንግዳ ብቻ ነው። ሚስተር ፋዲ፣ መድኃኒቱን በብርጭቆ አጠጧት፣ ብርጭቆውን ሐይቅ ውስጥ ጣሉ፣ የተረፈውን ከሠራተኛዋ ቦርሳ ባወጡት ኩባያ ገልብጠው እግሯ ሥር ጣሉት። የቀረኝ ምክንያቱ ነው።»

«ቤይሩት አሽራፊዬ ሰፈር ያለው ቤቷ» አለች ሚሬይ ቀስ ብላ። «ትናንት ፋዲ ድርሻ አለኝ፣ ካልተሸጠ ብሎ ጮኸባት። እሷም በቁሜ አይሸጥም አለችው።»

ፋዲ የለኮሰውን ሲጋራ ጣለ። ናዲም ካቴናውን አወጣ፤ ለሪሀና የተዘጋጀው ነበር።

ሲወስዱት ሚሬይ እንባዋን ጠራርጋ ዞረች። «ያላ ሪሀና፣ ዕቃውን ሰብስቢና ወደ ቤት እንግባ።»

ሪሀና ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከሪማ ልታስተረጉምላት ብትዘጋጅም አላስፈለገም፤ ልጅቷ በራሷ ዐረብኛ ተናገረች።

«ማዳም፣ ፓስፖርቴን ስጪኝ።»

ሚሬይ ወደ ናዲም አየች፤ ናዲም ወደ ሐይቁ። «ቤት ነው ያለው፣ ተቆልፎበት» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው አብሬያችሁ እመጣለሁ» አለች ከሪማ፤ ሄዳም ከሪሀና ጎን ቆመች።