ሰባት ቁጥር ያልዋጠው እንክብል

ደም ሥሩን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። መርፌው ሁለቴም ባዶውን ወጣ።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኩት።

«ሁለቴ ወግተሽኝ ደግሞ አንቱ ትይኛለሽ? አንተ በይኝ፣ ቢያንስ ሕመሙ ይቀለኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በቃ፣ ልቤ የሄደው ያኔ ነው። ቀስ በቀስ ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። በዚያ ሰሞን ከእርሾ የተጣራ አንድ ውህድ የሰውነትን መከላከያ ሴሎች ያነቃ እንደሆነ እያጠናን ነበር። ሠላሳ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በየቀኑ አንድ እንክብል ይውጣሉ፤ ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ ባዶውን። ማን የትኛውን እንደሚወስድ እነሱም እኛም አናውቅም። ዝርዝሩ ጥናቱን በምትመራው ዶክተር ካዝና ውስጥ በታሸገ ፖስታ ተቀምጧል። የእኔ ሥራ በየሳምንቱ ደማቸውን ወስጄ፣ ነጭ የደም ሴሎቹን ከሚያበሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጋር ቀላቅዬ፣ ስንቱ እንደዋጣቸው በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። የነቃ ሴል ይውጣል፤ ያልነቃው ዝም ይላል። ሰዎቹን የምናውቃቸው በቁጥር ብቻ ነው። እሱ ሰባት ቁጥር ነበር።

ከበጎ ፈቃደኛ ጋር መቀራረብ ክልክል ነው። እያወቅሁ ተቀራረብኩ። መጀመሪያ በር ላይ ሰላምታ፣ ቀጥሎ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብሮ መሄድ፣ ከዚያ አውቶቡስ እያሳለፉ ማውራት...

«ዛሬስ ሴሎቼ ምን አሉሽ?»

«እሱ አይነገርም። ግን እንዳንተ ለፍላፊ አይደሉም።»

በስድስተኛው ሳምንት፣ ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቅን ሳለ እጄን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቆጪኝ። እንክብሉን እኔ አይደለሁም የምውጠው። ለእህቴ ነው የምሰጣት።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ የእሱ ሴሎች ዝም ያሉት ባዶው ደርሶት መስሎኝ ነበር። ለካ አንድም አልዋጠም።

«ለምን?»

«ጉንፋን አይለቃትም። ወረቀታችሁ መከላከያን ያጠነክራል ሲል፣ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይሁን አልኩ። ቫይታሚን ነው ብያት በየጠዋቱ ትውጣለች።»

«ጉንፋኑ ለምንድነው የማይለቃት?»

«ኩላሊት ተቀይሮላታል። አክስታችን ናት የሰጠቻት። ሦስት ዓመት ሆነው።»

እጄን ከእጁ አወጣሁ።

«ስማኝ። እህትህ የምትወስደው መድኃኒት እነዚያን ሴሎች የሚያስተኛ ነው። የአክስታችሁን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥረው እንዳያጠቁባት ሆን ተብሎ ነው የሚተኙት። የእኛ እንክብል ደግሞ የተሠራው ሊቀሰቅሳቸው ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ።

«ደህና ናት እኮ... ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው ደክሞኛል ያለችኝ። እግሯም ትንሽ አብጧል።»

ስልኬን ሳወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«ለማን ልትደውይ ነው?»

«ለዶክተሯ። ፖስታው መከፈት አለበት። የእህትህም ሐኪሞች አሁኑኑ ማወቅ አለባቸው።»

«እኔ ራሴ አስቆማታለሁ። ዛሬውኑ። እባክሽ... እናታችን ከሞተች ወዲህ የምታምነው እኔን ብቻ ነው። እንደዋሸኋት ካወቀች አበቃልኝ።»

«ማቆም ብቻ አይበቃም። ጊዜ የለንም።»

«አንቺስ? ከሥራ ትባረሪያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እኮ አምኜሽ ነው የነገርኩሽ!»

ደወልኩ። ገና እያወራሁ ተነስቶ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቱ ሮጠ። ዞር ብሎም አላየኝም።

ቢሮዋ ስደርስ ዶክተሯ ፖስታውን በመቀስ ከፈተችው። ጣቷ በዝርዝሩ ላይ ወረደ፣ ሰባት ላይ ቆመ።

«ውህዱ ነው» አለች።

ወዲያው ሆስፒታል ደወለች። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ለአንቺ ለምን ነገረሽ?»

ምንም አልደበቅኋትም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከጥናቱ ወጥተሻል» አለችኝ። በማግስቱ ምድር ቤት ያለው ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ተመደብኩ። ቀኑን ሙሉ ብልቃጥ አጥባለሁ።

የእህቱ ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ጀምሮ ነበር። የሰማሁት ከዶክተሯ ነው። እሱ ስልኬን አያነሳም። «እንዴት አደረች?» ብዬ እጽፋለሁ፤ አይቶ ዝም ይላል። ትክክለኛውን ነገር አድርጎ እንዲህ መንገብገብ እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንዲት ቀጭን ልጅ፣ አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና፣ የማጠቢያውን ክፍል በር አንኳኳች።

«የደወልሽው አንቺ ነሽ?»

ዓይኖቿ የእሱ ናቸው። «አዎ።»

«ሁለት ቀን ቢዘገይ ኩላሊቱ አይተርፍም ነበር አሉኝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ወንድሜን ሳምንት ሙሉ አኩርፌው ነበር። ያናደደኝ መታመሜ አይደለም፤ ሳይጠይቀኝ በገዛ ሰውነቴ ላይ መወሰኑ ነው። ትናንት ታረቅን። አንቺስ አኮረፍሽው እንዴ?»

«እሱ ነው እንጂ ያኮረፈኝ።»

«እሱማ ኮሪደሩ ላይ ተገትሯል። አፍሮ ነው። ልጥራው?»

ሳልመልስላት ጠራችው። ከስቷል፤ ጺሙም አድጓል። «ብዙ እንዳታስጠብቁኝ፣ በሽተኛ ነኝ» ብላ ወጣችልን።

«ልገድላት ነበር» አለ። «አንቺ ደግሞ በእኔ ምክንያት እዚህ ወረድሽ። በየትኛው ዓይኔ ልይሽ?»

«በዚሁ ዓይንህ። ሌላ አለህ እንዴ?»

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ» አልኩት። «እየዋሸህ አትንከባከበኝ። ቢያመኝም እውነቱን ንገረኝ።»

አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ።

«እንግዲያው እውነቱ ይኸው። እወድሻለሁ። ስልክሽን ያላነሳሁት ‹በቃኝ› እንዳትይኝ ፈርቼ ነው።»

እርጥብ እጄን በጋውኔ ጠርጌ እጁን ያዝኩት።

ወደ ሴል ቆጠራው አልተመለስኩም፤ ሌላ ላብራቶሪ ተቀጠርኩ። በዓመቱ ስንጋባ ምስክር ሆና የቀረበችው እህቱ ናት። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ብዕር ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። መጀመሪያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንድም መስመር ሳትዘል አነበበችው። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችውና ፈረመች።