ማርጊላን «አሚን» ያለ ቀን

ኖርኩልን መጀመሪያ ያየሁት ከላይ ወደ ታች ነው። እኔ ገመድ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ።

ከከተማ ከተማ በሚዞረው የአባቴ የገመድ ተራማጆች ቡድን አንዱ ገመድ ላይ ሲራመድ ሌላው ከታች ሆኖ ያናግረዋል፤ ሕዝቡንም ያስቃል። የድሮው ተናጋሪያችን ጉሮሮው ሲዘጋ አባቴ ከማርጊላን ከተማ ገበያ ኖርኩል የተባለ ሐብሐብ ሻጭ አመጣ። ድምፁ ሦስት ሰፈር ያዳርሳል።

እኔ ዙምራድ ፊቴን ገልጬ ገመድ ላይ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እንኳን ገመድ ላይ፣ ደጃፍ ላይ ብትታይም ወሬ ነው። መሳቂያ መሆን ደግሞ አልወድም።

«እመቤት!» አለ በመጀመሪያው ቀን። «እዚያ ላይ ሆነሽ የማን ቤት ሾርባ ይታይሻል?»

«ያንተ ቤት ድስት ነው የሚታየኝ። ባዶ ነው።»

ገበያው አውካካ። እኔ ግን በገንኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ «ምነው፣ ዳክዬ ሆንሽ?» ይለኛል። ጠልቶኛል ብዬ ደመደምኩ።

ኮካንድ ከተማ ስንደርስ አላስቻለኝም። «ዛሬ አፍህን ዝጋልኝ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «እሺ።»

እውነትም ዝም አለ። ገመዱ መሃል ስደርስ ነፋስ ተነሳ፤ ፈርቼ ባለሁበት ቆምኩ። ከታች ድምፅ የለም... ያኔ ገባኝ። ለካ የሚሰድበኝ ስፈራ ብቻ ነው! ስናደድ ፍርሃቴን እንደምረሳ ከእኔ ቀድሞ አውቆት ኖሯል።

«አንተ ሐብሐብ ሻጭ፣ ምላስህን ዋጥከው እንዴ?»

«ዝም በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።» ድምፁ ይርገበገባል።

«አሁን ተናገር እያልኩህ ነው።»

«እንግዲያው ነይ! ዳክዬም ካንቺ ይፈጥናል!»

ተራመድኩ። ስወርድ ፊቱ ላይ ደም አልነበረም።

«ሁለተኛ ዝም አስብለሽ አትግደይኝ» አለኝ።

ወደድኩት። ምን እደብቃለሁ?

አባቴ ግን እንጋባ ብለን ስንጠይቀው እምቢ አለ። «አንድ ቀን ገመድ ላይ ያልቆመ ሰው ልጄን አያገባም። ለአንዲጃን ከተማ ገመድ ተራማጆች ለልጃቸው እድራታለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።» ሠርጌም ከማርጊላን ትርኢት ማግስት ሆኖ ተቆረጠ።

እኛ ዘንድ ደንብ አለ። ገመድ ተራማጅ ጫፍ ሲደርስ አንድ ነገር ይመኛል፤ ሕዝቡም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ሁሌም የሚለመነው ዝናብና ጤና ነው። «ሕዝብ አሚን ያለውን ያፈረሰ ከገመድ ይወድቃል» እያለ ያሳደገኝ ራሱ አባቴ ነው።

ማርጊላን ላይ ጫፍ ደርሼ ምሰሶውን ያዝኩ።

«ምን ትመኛለሽ?» አለ ኖርኩል፣ በሰለለ ድምፅ።

«ባል።»

ሕዝቡ ሳቀ።

«ምን... ዓይነት ባል?»

«ሐብሐብ የሚሸጥ። ስፈራ የሚሰድበኝ።»

ያ ሦስት ሰፈር የሚያዳርስ ድምፅ ጠፋ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዎቹ፣ ሐር ሸማኔዎቹ፣ በግ ነጋዴዎቹ ሁሉ ዘረጉ። ገበያው «አሚን!» ሲል ምሰሶው እጄ ውስጥ ነዘረ።

አባቴ የገመዱን ጫፍ እንደያዘ ሕዝቡን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መዳፎቹን ፊቱ ላይ አሳለፈ።

«አሚን» አለ። ወደ ኖርኩል ዞረ። «አንተስ ምን ይገትርሃል? ሥራህ መናገር አይደል? እጮኛህን አውርዳት እንጂ።»

ኖርኩል ሽቅብ አየኝ። እንባው እየወረደ ይስቃል።

«እመቤት» አለ፣ «አሁንስ የማን ቤት ሾርባ ይታይሻል?»

«የኛ ቤት» አልኩት።