የእናቷ ኮቴ

«እንዳይንቀሳቀሱ» አለ ሐኪሙ።

ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። መርፌው ባበጠው የእናትየው ጉልበት ጎን ገባ። ሐኪሙ መጀመሪያ ሳበ፤ ሲሪንጁ ደፍረስ ባለ ቢጫ ውኃ ሞላ። ከዚያ መርፌውን ሳይነቅል ሲሪንጁን ቀየረና መድኃኒቱን ቀስ አድርጎ ሰደደው።

«እብጠቱን ያበርደዋል፤ በሽታውን ግን አይነቅለውም። ኪኒኑን እንዳያቋርጡ። አሁን ጉልበትዎን አንድ ሁለት ቀን ያሳርፉት።» ጓንቱን እያወለቀ «ከቤተሰቡ ጠዋት ጠዋት ጉልበቱ አልታጠፍ የሚለው ሌላ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ የለም!» አለች እናትየው። «ይቺ ልጄማ ሯጭ ናት። ቅዳሜ ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች።»

ልጅቷ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሳብ አደረገች።

እቤት ውስጥ እናትየው የት እንዳለች የሚታወቀው በኮቴዋ ነበር። አንዱን እግር ትረግጣለች፣ ሌላውን ትጎትታለች። ድም፣ ሸርተት። የልጅቷ ታናሽ ወንድም «ባቡሩ መጣ!» ሲል ሁለቱም ስልካቸውን ትራስ ስር ይወሽቃሉ። ያን ቀን ግን እናትየው ስለተኛች ቤቱ ጭር አለ። ልጅቷ ጭርታው ደግ መሆኑን ታውቃለች። ጆሮዋ ግን ኮቴውን መጠበቅ አልተወም።

ልጅቷ ራሷ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እግሯ እስኪፍታታ አልጋ ላይ ትቆይ ነበር። በማግስቱ ግን ለእናቷ ሻይ የሚያፈላ ሰው የለም። ገና ሳይነጋጋ ተነስታ ዓይኗን እያሸች ድንግዝግዝ ወዳለው ኮሪደር ወጣች።

ድም፣ ሸርተት።

ቆመች። ኮቴውም ቆመ። ዞር አለች፤ ማንም የለም። እንደገና ተራመደች።

ድም፣ ሸርተት። እዚሁ፣ ከጀርባዋ።

«እማዬ!» አለ ወንድሟ ከብርድ ልብሱ ስር። «ተኚ አልተባልሽም እንዴ? ባቡሩ ዛሬ እረፍት ነው!»

ልጅቷ የእናቷን በር ገፋ አደረገች። እናቷ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ ተኝታለች። አልተነሳችም።

ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ታች አየች። ቀኝ እግሯ ወደ ኋላ ቀርቷል። ነጠላ ጫማው ወለሉ ላይ እንደተጎተተ ተጣሞ ቆሟል።

«ማን ነው?» አለች እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«በሕልሜ ነው መሰለኝ… ስሄድ ራሴን ሰማሁት።»

የሩጫ ጫማዋ ኮሪደሩ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ትናንት ነው ያጠበችው። አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ዛሬ ኮቴዋ እንዳይሰማ እግሯን ለማንሳት አልሞከረችም፤ እንደመጣላት ጎተተችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ሰበሰበችና የእናቷን እጅ አንስታ በራሷ ትኩስ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።